አንበጣን የሚገድለው ሻጋታ ሙቀቱን ይችለው ይሆን?

ዛሬ ያረፍንበት ሩንዳ ቀድሞ የቡና እርሻ ነበር። እንግዲህ ስለ ገበሬ ብናወራ ያምርብናል።

ከናይሮቢ ሳንወጣ፣ ካሳራኒ ውስጥ፣ ኢሲፔ የሚባል ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል አለ። ኬንያዊው ፕሮፌሰር ቶማስ ኦዲያምቦ በ1970 እ.ኤ.አ. መሠረቱት። ከ2013 እስከ 2023 ደግሞ የመሩት የኛዋ የፍኖተ ሰላም ልጅ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ናቸው። ልጅ ሳሉ አንበጣ ሰብሉን ጠርጎ ሲበላ አይተዋል፤ ወደ እርሻ ሳይንስ የገፋፋቸውም ይኸው እንደሆነ ተናግረዋል።

ማዕከሉ ከሚመራመርባቸው ነገሮች አንዱ ሜታራይዚየም የተባለ ጠቃሚ ፈንገስ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የፈንገሱ ብናኝ ተባዩ ላይ ያርፍና ይበቅላል፤ ቆዳውን ሰርስሮ ይገባና ከውስጥ ይጨርሰዋል። ለአንበጣ የሚሆነው ዝርያ በ2020 ሶማሊያ ውስጥ ተረጭቶ ነበር። የሚገድለው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ነው፤ ነገር ግን እንደ ብዙዎቹ ኬሚካሎች ንብ አይፈጅም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ሙቀት! አብዛኛው ሜታራይዚየም ከ35 ዲግሪ በላይ ማደግ ይቸግረዋል። አንበጣውም ይህን ያወቀ ይመስል፣ ሲታመም ፀሐይ ይሞቃል፤ ሰውነቱን እስከ 40 ዲግሪ ገደማ አሙቆ ፈንገሱን ያዳክመዋል። በዚያ ላይ ብናኙ ሙቅ መጋዘን ውስጥ ከቆየ ገበሬው ጋ ሳይደርስ ይሞታል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከየቦታው ፈንገስ እየሰበሰቡ፣ በተለያየ ሙቀት እየፈተኑ፣ የሚችለውን ይመርጣሉ።

ለሰብሉም ለራሱ ተስፋ አለ። አሜሪካ፣ የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ፣ በፍል ውኃ አጠገብ የሚበቅል ሣር አለ። በሣሩ ውስጥ ፈንገስ ይኖራል፤ በፈንገሱ ውስጥ ደግሞ ቫይረስ። በ2007 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ሦስቱ አብረው ሲሆኑ 65 ዲግሪ የደረሰ አፈር ይቋቋማሉ፤ ሲለያዩ ግን ሣሩም ሆነ ፈንገሱ ከ38 ዲግሪ በላይ አይችሉም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኼ አይደል?

ይህ ሁሉ ግን ቤተ ሙከራ ከቀረ ምን ይረባል? የቆላው ገበሬ የዘራው በአንበጣ ሲበላ ቆሞ እንዳያይ፣ ሙቀት የሚችለው ፈንገስ በሚገዛው ዋጋ፣ ሳይሞት፣ እጁ መግባት አለበት። እኛ ዋናው ፈተና እዚህ ላይ ነው እንላለን። መልካም ቀን!