የሞተር ክለብ ከጭራው ይጀመራል

ፒያሳ ላይ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ሰው ቦርሳውን ጠበቅ የሚያደርግበት ጊዜ ነበር። ከኋላ መጥቶ ስልክ መንጭቆ የሚሸሽ ሞተረኛ ብዙ ሰው አስለቅሷል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በምክትል ከንቲባ ታከለ ኡማ ዘመን፣ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ሞተር ሳይክል በከተማው እንዳይንቀሳቀስ ሲያግድ ዋናው ምክንያት ይኸው ወንጀል ነበር። ፖስታ አመላላሾች፣ ኤምባሲዎችና ልዩ ፈቃድ ያላቸው ከእገዳው ውጪ ሆኑ። ኋላ ላይም ለሥራ የሚነዱት ጂፒኤስ እያስገጠሙና በማኅበር እየተደራጁ ወደ መንገድ ተመለሱ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ማኅበር የሚለው ነገር ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። ብቻውን የሚነዳን ሰው ማንም አያውቀውም። የማኅበር አባል ግን ስሙም ታርጋውም ይታወቃል፤ ሲያጠፋ የሚቆጣው፣ ሲወድቅ የሚያነሳው ሰው አለው። የሞተር ክለብም ሥሩ ይኸው ነው። ያኛው ለእንጀራ ይደራጃል፣ ይኼኛው ለመንዳት ፍቅር።

ክለብ ማቋቋም የገንዘብ ጉዳይ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ግን ማኅበር ለመመሥረት የሚጠይቀው አምስት ሰው ነው፤ የበላይ አካሉም የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። መተዳደሪያ ደንብ መጻፍ፣ ሊቀ መንበርና ገንዘብ ያዥ መምረጥ፣ መዋጮ መሰብሰብ እድር ላይ ለቆየ አራዳ አዲስ ነገር አይደለም።

የሞተር ክለብ ስሙ የከፋው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። በካሊፎርኒያዋ ሆሊስተር ከተማ በተደረገ የሞተር ዝግጅት ላይ ብጥብጥ ተነሣ፤ ላይፍ መጽሔት ያወጣው የአንድ ሰካራም ሞተረኛ ፎቶግራፍም የሞተረኛ ሁሉ መልክ ሆኖ ቀረ። ከብጥብጡ ተነሥቶ የተሠራ ፊልምም ያንኑ አጋነነው። ከዚያ ወዲህ ጥቁር የቆዳ ጃኬት ለብሶ በቡድን የሚሄድ ሁሉ ወሮበላ ይመስላል።

ሌላው ታሪክ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ለንደን ውስጥ ሃክኒ ዊክ በሚባል የድሆች ሰፈር፣ ጆን ኦትስ የተባለ ወጣት የአንግሊካን ካህን በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣቶች ክለብ ከፈተ፤ ስሙም ከዓመቱ ተወስዶ «59 ክለብ» ተባለ። የደብሩ ኃላፊ ቢል ሸርጎልድ ራሱ ሞተር ነጂ ነበር። ፖሊስም ጋዜጣም የሚያወግዛቸው ሞተረኞች ወደሚሰበሰቡበት ኤስ ካፌ ሄዶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ጋበዛቸው፤ በ1962 ሞተራቸውን ይዘው መጡ፣ ተባረከላቸውም። ያ ክለብ በአባላት ብዛት ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ለመሆን በቃ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሊንዳ ዱጎ የምትባል ሴት ለሞተር ሻጮችና ነጂዎች ደብዳቤ እየጻፈች ሴት ሞተረኞችን አፈላለገች፤ በ1940 እ.ኤ.አ. ከዶት ሮቢንሰን ጋር «ሞተር ሜድስ»ን ስትመሠርት 51 መሥራች አባላት ተገኙ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚቋቋም ክለብም ሴቶችን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ይቁጠር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አዲስ ክለብ የሚያቋቁሙ ወጣቶች መጀመሪያ የሚነጋገሩት ስለ አርማና ስለ ጃኬት ነው፤ ከዚያ «ጎበዙ ይምራን» ይላሉ። ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። ፊት መሄድ ያለበት መንገዱን የሚያውቅና እጁ የማይቸኩል ሰው ነው። ከእሱ ቀጥሎ ጀማሪው ይገባል። የቡድኑ ምርጥ ነጂ ቦታው መጨረሻ ላይ፣ ጭራው ላይ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፊተኛው ፍጥነቱን በትንሹ ሲጨምር ሰልፉ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ ኋላ ያለው ለመድረስ ከሁሉም በላይ መፍጠን ይኖርበታል። ጀማሪውን ኋላ የሚያስቀምጥ ክለብ ልምድ የሌለውን ሰው በጣም እንዲፈጥን እያስገደደ ነው። ጭራው ግን ሁሉንም ያያል፦ የማን ፍሬቻ ሳይጠፋ እንደቀረ፣ የማን ካቴና እንደላላ፣ ማን እንደደከመ። የተበላሸበት ካለ አብሮት ይቆማል።

ይህንን ሥርዓት ለጸሐፊው ያስረዳው በእሪ በከንቱ አቀበት ዳር ይሠራ የነበረ አንድ ጎሚስታ ነው። ቆርቆሮ ላይ ሰባት ዳዶ ደረደረ፤ ትልቁን የመኪና ጎማ ዳዶ ጭራ አደረገው። ዳዶዎቹ አንድ በግራ አንድ በቀኝ ሰያፍ ተሰለፉ። እያንዳንዱ ነጂ በቀጥታ ከፊቱ ካለው ሁለት ሰከንድ፣ ከሰያፉ አንድ ሰከንድ ይርቃል፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው አንድ ሰከንድ 11 ሜትር ነው። ጠመዝማዛ ላይ መሪው አንድ ጣት ወደ ላይ ሲያነሣ ሰልፉ አንድ መስመር ይሆናል። ምልክት የሚሰጠው በግራ እጅ ነው፤ ቀኙ ቤንዚን መስጫውንና የፊት ፍሬኑን ይዟልና።

ከዚያ ዳዶዎቹን ማንቀሳቀስ ጀመረ። መንገዱ ከጊዮርጊስ ተነሥቶ በራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ፣ ከዚያ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ አድርጎ እንጦጦ ነው። አራት ኪሎ ላይ መሪው ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ ከኋላው ያለው ሁለተኛው ሞተረኛ አደጋ በማይፈጥር ቦታ ቆሞ በእጁ መታጠፊያውን ያሳያል። ሌሎቹ አንድ በአንድ ያልፉታል። እሱ የሚነሣው ጭራው ሲደርስ ነው፤ ከጭራው ፊት ይገባል። ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ ደግሞ አሁን ሁለተኛ የሆነው ይቆማል። እንዲህ እየተፈራረቁ ሽሮ ሜዳ ይደርሳሉ።

የዚህ ሥርዓት ውበት ማንም ቡድኑን ላለማጣት ብሎ ቀይ መብራት አለመጣሱ ነው። መብራት ቢለያያቸውም መታጠፊያው ላይ የሚጠብቅ ሰው አለ። አምስት ደቂቃ የዘገየም አይጠፋም። በዚያ ላይ ሁሉም በየተራው ወደ መሪው ይጠጋል፣ ሁሉም በየተራው ለሌላው ይቆማል። ለጀማሪው ብቻ ቆሞ መጠበቁን ሌላ ነባር አባል ይተካለት።

ከፍታውን መርሳት አይገባም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡራቶር ያለው ሞተር ገና ከተማው ውስጥ እያለ ከባሕር ወለል ጉልበቱ ሩብ ያህሉን አጥቷል። ስለዚህ የአቀበቱን ፍጥነት የሚወስነው ሰው የጫነው ትንሹ ሞተር ነው፤ ትልቅ ሞተር ያለው ይታገሥ። ሲወርዱ ደግሞ ቤንዚን ለመቆጠብ በፎሌ የሚለቁ አሉ። ይህ ልማድ መቆም አለበት። ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ እየተያዙ መውረድ ፍሬንንም ነፍስንም ያተርፋል።

ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ብቻ የሚያጠልቅም አባል ሊሆን አይገባም። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 ከመቶ ይቀንሳል፤ ይህ ግን ማሰሪያው አገጭ ሥር ከተቆለፈ ነው። ከኮሪደር ልማቱ ጋር የተሠራው የብስክሌት መንገድም ለብስክሌት ነው፤ እዚያ የሚገባ ሞተረኛ ሕዝቡ በሞተር ላይ ያለውን ቂም ያድሳል። ደህና ሄልሜት ውድ ከሆነ ክለቡ እቁብ ይጣል፣ ዕጣ የደረሰው በቅድሚያ ሄልሜት ይግዛ፣ ከኋላ ለሚቀመጠው ሰው ጭምር።

የፒያሳና የአካባቢዋ ብዙ ሰፈሮች በ2016 ፈርሰው ነዋሪው ከተማው ዳር ወዳሉ መንደሮች ከተበተነ ወዲህ፣ በአንድ ግቢ ያደጉ ልጆች ለመገናኘት ቀጠሮ ያስፈልጋቸዋል። እሑድ ጠዋት ጊዮርጊስ ተገናኝቶ እንጦጦ ደርሶ መመለስ ለእንዲህ ያለ ቀጠሮ ይመቻል።

ለመጀመሪያው ጉዞ የጭራውን ቦርሳ ማዘጋጀት ይበቃል፦ ትርፍ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ ጎማ መለጠፊያና መንፊያ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ዕቃ፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ። በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ላይም የእያንዳንዱ አባል የደም ዓይነትና የቤተሰቡ ስልክ ቁጥር ይጻፍ። ስልክ ስለሚለወጥ ወረቀቱ በየስድስት ወሩ ይታደስ፤ ይህም በደንቡ ውስጥ ይግባ።