ከጀልባው ቆጥቡ፣ ከውኃው ግን አትቆጥቡ

በ64 ዓመቴ ሻንጣዬን በጀርባዬ አዝዬ ወደ ደቡብ ሕንድ ስነሳ ልጄ «እማዬ፣ ጉልበትሽስ?» ብላ ተቆጣች። እኔ ግን በ1960ዎቹ ሂሳብ ያስተማሩኝ ሕንዳዊ መምህር አዘውትረው የሚያነሱትን ኬረላን ሳላይ መቅረት አልፈለግሁም።

ከኮቺ ጀመርኩ። ወደ ቫይፒን ደሴት የሚያሻግረው ጀልባ የሚያስከፍለው ጥቂት ሩፒ ብቻ ነው። አላፑዛ ስደርስ መኝታ ላለው የቱሪስት ጀልባ ለአንድ ሌሊት በሺዎች የሚቆጠር ሩፒ ጠየቁኝ። ትቼው በመንግሥት የሕዝብ ጀልባ ወደ ኮታያም ሄድኩ። ከተማሪዎችና ከገበያተኞች ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በውኃው ላይ ተጓዝን። ምሳው በሙዝ ቅጠል ላይ ቀርቦ በእጅ ይበላል፤ ለእኛ ምን ብርቅ ነው!

ጥፋቴን ያጠፋሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ሙቀቱ ሲያሸንፈኝ መንገድ ዳር በረዶ የገባበት የሸንኮራ ጭማቂ ጠጣሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቀምጠኝ አደረ። ስንቱን እናት የመከርኩበትን ነገር ለራሴ ረሳሁት! ከቤት የያዝኩትን ኦአርኤስ፣ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጬ ቀስ እያልኩ ጠጣሁና ተሻለኝ። ደም ቢኖረው ወይም ትኩሳት ቢጨመርበት ግን ሐኪም ቤት መሄድ ነበረብኝ።

ለካ የአገሬው ሰው መላ አለው። በየምግብ ቤቱ የሚቀርበው ሮዝ መሳይ ለብ ያለ ውኃ ፓቲሙጋም ከሚባል እንጨት ጋር የተፈላ ነው። ከዚያ ወዲያ ከእሱ ሌላ አላሰኘኝም።

ጡረተኛ እኩዮቼ፣ ከመኝታውም ከጀልባውም ቆጥቡ። ኦአርኤሱን ግን ከሻንጣችሁ እንዳታጡት።