የድሮ ሌንስ ከመጣሉ በፊት

በዚህ እትማችን የምናነሣው የድሮ ካሜራ ሌንስን እቤት ውስጥ ስለማጽዳትና ስለመጠገን ነው።

ካርቱም ውስጥ ዕቃ ሲበላሽ «ሱቅ ዐረቢ ውሰደው» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በተነሣው ጦርነት ግን የመሐል ከተማው ገበያ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ፤ ነጋዴውም ጠጋኙም ተበተነ። ስለዚህ ቀላል ቀላሉን በገዛ እጃችን መሥራት ይኖርብናል።

እንደ ዜኒት ካሜራው ሄሊዮስ ያሉ በእጅ የሚሠሩ ሌንሶች ውስጣቸው ሞተር የለም። ያላቸው ብርጭቆ፣ ብረትና ግራሶ ነው። «ሞቷል» የተባለ ሌንስ ብዙ ጊዜ ቆሽሾ ነው።

መጀመሪያ በሽታውን እንለይ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ አብርታችሁ በሌንሱ ውስጥ ተመልከቱ።

ሀ) ነጠብጣብ ከታየ አቧራ ነው። ውስጥ የገባ ጥቂት አቧራ ፎቶ ላይ ስለማይታይ ተዉት።
ለ) የሸረሪት ድር ከመሰለ ሻጋታ ነው። በክረምት እርጥበት ይመጣል፤ ከቆየ ብርጭቆውን ይበላዋል።
ሐ) የብርሃን መክፈቻው ቢላዎች ካብለጨለጩ፣ በሙቀት የቀለጠ ግራሶ ፈሶባቸዋል።

አሁን ወደ ሥራው።

1. ከመጥረጋችሁ በፊት በጎማ ፓምፕ አየር ንፉበት። በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ይረጫል። የሀቡብ አሸዋ ከብርጭቆው ይጠነክራል። ብርጭቆው ላይ ያለው ቅብ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር 10 ሺህኛ ያህል ብቻ ነው፤ አንዴ ከተጫረ አይመለስም።

2. የቀረውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ።

3. ንጹሕ ጥጥ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ አልኮል አድርጋችሁ ከመሐል ወደ ዳር እያዞራችሁ ጥረጉ። ብርጭቆው ላይ በቀጥታ አታፍስሱ፤ በዳር በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። የውጭ ሻጋታም ቀድሞ ከተደረሰበት እንዲሁ ይለቃል።

4. መፍታት ግድ ከሆነ ልክ የሚገጥም ካቻቢቴ ያዙ። እያንዳንዱን ደረጃ በሞባይል ፎቶ አንሡ፤ ብሎኖቹን በተፈቱበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ደርድሩ። የፎከሱ ጥርስ የሚላቀቅበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት፤ በሌላ ጥርስ ከገባ ሌንሱ በትክክል አያነጣጥርም። እምቢ ካለ አታስገድዱት።

5. ዘይት የነካቸው ቢላዎች በላይተር ቤንዚን ይጸዳሉ። ደረቅ ሆነው ነው የሚሠሩት፤ ዘይት አትቀቧቸው። ቤንዚን ሲነካ እሳትም ሲጋራም አጠገብ አይኑር።

ማሳሰቢያ፦ ሌንስ ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ። ብርሃኑን አንድ ቦታ ሰብስቦ የሣር ጎጆ ሊያቃጥል ይችላል።

ጭራሽ የማይድን ሌንስም ቢሆን አይጣል። አንዱን ጎበጥ ያለ ብርጭቆ አውጡና ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ አጠገብ ያዙት። በውጭ ያለው ዛፍ ተገልብጦ ግድግዳው ላይ ጥርት ብሎ ሲታይ፣ ከብርጭቆው እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለኩ። የትኩረት ርቀት የሚባለው እሱ ነው። ለፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ከዚህ የተሻለ መርጃ መሣሪያ ከየት ይመጣል?

መልካም ሥራ!