ተጨማሪ መረጃ፦ ቢጫው ዳርቻ ለምን ይጠፋል?
ሳንሴቬሪያ ከተባሉት ተክሎች በቤት ውስጥ በብዛት የሚተከለው ዝርያ መነሻው የአፍሪካ ምዕራባዊ ክፍል ነው። «ጎልደን ሃኒ» የተባለው ድንክ ዓይነት ቁመቱ ከ20 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ወፍራም ቅጠሎቹ ውሃ ያጠራቅማሉ፤ ዳርቻቸው ቢጫ፣ መሃላቸው አረንጓዴ ነው። ቢጫው ክፍል ክሎሮፊል ስለሚያንሰው ምግብ በብዛት የሚያዘጋጀው አረንጓዴው ነው። ስለዚህ ተክሉን ብርሃን በሚያገኝ መስኮት አጠገብ አስቀምጡት፤ ከቀትር ፀሐይ ግን ጠብቁት። ውሃ የምታጠጡት አፈሩ በደንብ ሲደርቅ ብቻ ይሁን፤ ውሃ የቋጠረ አፈር ሥሩን ያበሰብሳል።

ቅጠሉ ተቆርጦ ቢተከል ሥር ያወጣል። አዲሱ ቡቃያ ግን ከአረንጓዴዎቹ ህዋሳት ስለሚነሳ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ዳርቻ አይኖረውም። መልኩን የጠበቀ ተክል ለማግኘት ከአፈር ውስጥ ካለው ግንድ የሚወጣውን ቡቃያ ከነሥሩ ለይታችሁ ትከሉ።