ጌታ ሳይወለድ አትሂዱ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ለገና አገር ቤት ልንገባ ነው፤ ትኬት ለመቼ ብንቆርጥ ይሻላል?» የምትሉኝ በዝታችኋል። መልሱ አጭር ነው፤ ጃንዋሪ 7ን አገር ቤት ዋሉ። ለምን እንዲህ እንደምል ግን ልንገራችሁ።

በ2015 ዓ.ም. እኛም ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የሐበሻ ቤተሰብ ብዙው የሚያደርገውን አደረግን። የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወጣን፣ ሊከፈት ሲል ተመለስን። ስምንት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ ባለቤቴ በእጅ ሚዛን እያንጠለጠለ ሲመዝን አደረ። (ከ184 ኪሎው የእኛ ልብስ ስንቱ እንደሆነ አትጠይቁኝ። የሰው ቫይታሚን፣ የሰው ጫማ፣ የሰው ስልክ ነው።) ከደለስ ተነስተን 13 ሰዓት ያህል በረን ቦሌ ወረድን። እናቴ ቤት የጠበቀን ሽሮ ነበር።

ጾም ነዋ! የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባና እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፤ እኛ መሐሉ ላይ ነው ዱብ ያልነው። ፈረንጆቹ ገናቸውን ያከበሩ ዕለት በእኛ ታኅሣሥ 16 ነበር። ቦሌ የሆቴሎቹ በር ላይ ዛፉ ይብለጨለጫል፤ እናቴ ቤት ሱፍ ፍትፍት ነው። የስድስት ዓመቱ ልጄ እንቁላል ካልበላሁ አለ። እናቴ «ሕፃን አይጾምም» ብላ ጠበሰችለት፤ በጾሙ መጥበሻ ግን አይደለም። ቁም ሳጥን ላይ በጋዜጣ ጠቅልላ ያስቀመጠቻትን የፍስክ መጥበሻ አወረደች፣ ጠበሰች፣ አጠበች፣ መልሳ ጠቅልላ ሰቀለቻት። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በየጠዋቱ!

በጉ ሳይገዛ፣ ዶሮው ሳይሠራ ጃንዋሪ 2 ደረሰ። ሻንጣ ስንዘጋ እናቴ በሩን ተደግፋ «ምነው ልጄ፣ ጌታ ሳይወለድ ልትሄዱ ነው?» አለችኝ። ምን ይባላል? የገና ዕለት እኔ ሜሪላንድ ተረኛ ነበርኩ።

ነገሩ የስሌት ጉዳይ ነው። እኛ በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን ስድስት እናደርጋለን፤ ይህን መቼም አናስታጉልም። ፈረንጆቹ በ1582፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ካላንደራቸውን ሲያስተካክሉ 10 ቀን ዘለሉ፤ ከዚያ ወዲህም አንዳንድ መቶኛ ዓመት ላይ ትርፏን ቀን ይተዋሉ። ልዩነቱ አሁን 13 ቀን ደርሷል። የእነሱ ዲሴምበር 25 ካለፈ 13 ቀን ቆጥራችሁ የእኛን ገና ታገኛላችሁ። የአሜሪካ ትምህርት ቤት ደግሞ ባብዛኛው አዲስ ዓመታቸው እንዳለፈ ይከፈታል። በትምህርት ቤት ዕረፍት ብቻ የሚመላለስ ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን የሚያገኘው ጾሙን ነው።

ለ2016ቱ ቆረጥን፤ ልጆቹ ከትምህርት ይቅሩ። ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ልጽፍ ታኅሣሥ 29ን ስልኬ ላይ ባለው መቀየሪያ ሳስገባው ጃንዋሪ 8 አለኝ። ግራ ገባኝና እናቴ ጋ ደወልኩ። «ዘንድሮ እኮ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ገና በ28 ነው» አለችኝ፣ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ። ጌታ መጋቢት 29 ተፀንሶ በ9 ወር ከ5 ቀን ተወለደ ነው የሚባለው። ዘመነ ዮሐንስ ሊገባ ሲል ጳጉሜን ስድስት ስትሆን አንድ ቀን ትጨመራለች፤ የማሕፀኑ ቀን ግን ስለማይጨመር ልደቱ በ28 ይውላል። በ2020ም እንዲሁ ነው። በፈረንጁ ግን ያው ጃንዋሪ 7 ነው፤ ትኬት ስትቆርጡ ታኅሣሥን ተዉት።

ትምህርት ቤቱ ለበዓል የፈቀደልን አንድ ቀን ነው። ያውም ገና እሑድ ዋለና ምንም አልጠቀመንም! የቀረው ሁሉ «ያለ ፈቃድ» ተብሎ ተመዘገበ። ይመዝገብ። ከእነሱ ገና በኋላ ስለተነሳን ደግሞ ትኬቱ ረከስ ብሎልናል። በገብርኤል ዕለት፣ ታኅሣሥ 19 ገባን።

ዋዜማውን እናቴ ዶሮውን ስትገነጥል የአሥር ዓመቷ ልጄ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ በእንግሊዝኛ ትቆጥራለች። አሥራ ሁለት ብልት ነው ተብላለች፤ አሥራ አንድ ላይ እያለቀባት ሦስቴ እንደገና ጀመረች። የጎደለው ፈረሰኛው ነበር፤ እናቴ «ይሄ የአባባ ነው» ብላ ለብቻው አስቀምጣዋለች። ማታ ጋቢ ደርበን ሰፈራችን ማርያም ሄድን። ትንሹ ጧፉን እንደያዘ ሰሌኑ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ ሰሙ የጋቢዬ ጥለት ላይ ተንጠባጥቦ እስካሁን አለ። ቅዳሴ አልቆ ሌሊት ቤት ስንገባ ድስቱ ተከፈተ። ልጄ ዓይኑን እያሸ ሁለት እንቁላል በላ። ሲነጋ የፍስክ መጥበሻዋ ከጋዜጣዋ ወጥታ ምድጃው አጠገብ ተሰቅላለች።

ታኅሣሥ 30 ማታ ሻንጣ መኪና ላይ ጫንን፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቆሎው። እናቴ ልጆቹን ስማ፣ እኔን ስማ፣ የመኪናውን በር ይዛ ቀረች።

«ጥምቀት እኮ አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረው። ጌታ ሳይጠመቅ ልትሄዱ ነው?»