ደባርቅ ላይ ቡችላ ለማሳደግ ላሰባችሁ

«እናንተ ጋ ውሻ ከመጠለያ የሚወሰደው የት ነው?» እያላችሁ ከአዲስ አበባም ከውጭም ለምትጽፉልኝ በአንድ ላይ ልመልስ። እኛ ጋ መጠለያው የጎረቤት አጥር ሥር ነው። የአንዱ ውሻ ትወልዳለች፣ ሰፈሩ ይሰማል፣ ዓይናቸው ገና ሳይገለጥ ወንዶቹ «ያ ለእኔ፣ ይኼ ለአማቼ» እየተባሉ ያልቃሉ። ሴቶቹ ይተርፋሉ። የተረፉት ገበያ ዳር፣ ድልድይ ሥር ወይም መንገድ ጠርዝ ይጣላሉ። ስለዚህ በደባርቅ፣ በዳባት ወይም በዛሪማ ቡችላ ከሞት ማትረፍ የሚፈልግ ሰው ቅጽ የሚያስሞላ ቢሮ አይፈልግ፤ ሴቷን ይውሰድ።

ውሻ ወንድና ሴት እኩል ነው የሚወልደው። በአገራችን የገጠር ውሾች ሲቆጠሩ ግን ወንዱ በጣም በዝቶ ይገኛል፤ ልዩነቱን የፈጠረው የሰው እጅ ነው። ውሻዬን ዳማን ይዣት ስመጣ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ከበሩ ላይ ሆነው «ልጄ፣ የአገሩን ውሻ ሁሉ ደጅህ ልታሰልፈው ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሴት ውሻ ስድስት ወር ገደማ ሲሆናት ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ወንድ ትፈልጋለች። ሦስት ሳምንት ያህል የሚቆየው ያ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ጩኸትና ድብድብ ነው፤ ካረገዘች ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ ትወልዳለች። መላው ግን መጣል አይደለም። በእነዚያ ሳምንታት በሩ የሚዘጋ ግቢ ውስጥ ማቆየት አንዱ ነው። ሌላው ማምከን ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው ጎንደር የምትመላለሱ እዚያ ጠይቁ። በጥበቃ በኩል ሴቷ ከወንዱ አታንስም፤ እንዲያውም እንደ ወንዱ ሴት ፍለጋ አገር ለአገር አትዞርም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የተባለው ለወንዱ ብቻ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አዲስ አበባ ቡችላ ብታሳድጉ ጉዳዩ የእናንተና የጎረቤታችሁ ነው። እዚህ ግን ሦስተኛ ባለጉዳይ አለ፤ ከበላያችን ተራራው ላይ ይኖራል።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገብቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ሰው ሲያወራ ዋልያንና ጭላዳን ነው የሚያነሳው። ቀይ ቀበሮ ግን ከሁለቱም ይልቅ ከእናንተ ቡችላ ጋር ይገናኛል፤ የሥጋ ዘመዷ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት በጠቅላላ 500 ያህል ናቸው፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ፣ እኛ ጋ ያሉት ከመቶ በታች። በ1830ዎቹ ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ያገኘውም በዚሁ በሰሜን ተራሮች ነው።

ቀይ ቀበሮ ቀን ቀን ብቻውን አይጥ ያድናል፤ ማለዳና ማታ ግን ከቡድኑ ጋር ተሰብስቦ እየተላላሰ ሰላምታ ይለዋወጣል። ለበሽታ ከዚህ የተመቸ ኑሮ የለም። አንዱ በእብድ ውሻ በሽታ ከተያዘ ምራቁ በቡድኑ ሁሉ ይዳረሳል። በ2003 እ.ኤ.አ. ባሌ ተራሮች፣ ወብ ሸለቆ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው፤ በዓይን ከሚታወቁት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ የሚጠጋው አለቀ። በሽታውን ያደረሰው ከከብት ጋር የወጣ የሰው ውሻ ነበር። ባሌ ላይ ከዚያም በፊት በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በኋላ እንዲህ ያለው እልቂት ደጋግሞ ተከስቷል፤ አንዳንዴ በእብድ ውሻ በሽታ፣ አንዳንዴ ዲስቴምፐር በተባለው ሌላ የውሻ ተላላፊ በሽታ። በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ለዚህ ነው ገንዘቡንና ጉልበቱን የገበሬ ውሻ በመከተብ ላይ የሚያፈሰው፤ በሰሜን ተራሮች ዙሪያም ይሠራል። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባሌ ላይ ራሳቸው ቀበሮዎቹ በፍየል ሥጋ ውስጥ የተደበቀ የሚዋጥ ክትባት ይሰጣቸው ጀመር።

ስለ ማትረፍ ካነሳን የእኛው ተራራ ታሪክ አለው። በ2020 እ.ኤ.አ. አንድ ወንድ ቀይ ቀበሮ እግሩን በጥይት ተመቶ፣ አጥንቱ ተሰብሮ ተገኘ። ቀይ ቀበሮ ይዞ አክሞ መልሶ መልቀቅ ከዚያ በፊት አልተሞከረም። የፓርኩ ሰዎች፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ የቀይ ቀበሮ ፕሮግራሙና ቦርን ፍሪ የተባለው የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት ተረባርበው እዚያው ተራራው ላይ በረት ሠርተው ለ50 ቀናት ያህል አከሙት። ሲድን አንገቱ ላይ መከታተያ አስረው ለቀቁት፤ በኋላም ሴት አግኝቶ ወለደ። ተረፈ ይሉታል። ታሪኩን ሳስበው ደስ ይለኛል፣ ደግሞም ያናድደኛል። ለአንዱ እግር ያን ያህል ሰው ሲደክም፣ ያልተከተበ አንድ ውሻ ከበግ ጋር ወደ ተራራው ቢወጣ የተረፈን ቡድን በአንድ ወቅት ሊጨርሰው ይችላል። ውሻው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ባለቤቱ የክትባት ካርድ አላወጣለትም።

ስለ ክትባቱ፦ ቡችላ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላት ትወስዳለች፣ ዓመቷ ላይ ይደገማል፣ ከዚያ በየዓመቱ። የጅምላ ክትባት ሰፈር ከመጣ ግን «ገና ሕፃን ናት» ብላችሁ አታስቀሯት፤ በዘመቻ ጊዜ ዕድሜ አይጠየቅም። ለዲስቴምፐር የሚሆነው ጥምር ክትባት ከተገኘ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንቷ ጀምሮ በየሦስትና አራት ሳምንቱ አራት ወር እስኪሞላት ይሰጣል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ በኪስ ውስጥ ተይዞ የመጣ የሞቀ ብልቃጥ ውሃ እንደ መውጋት ነው። ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ሂዱ፣ ፍሪጁን በዓይናችሁ እዩ፣ ካርዱን ተቀበሉ።

ቡችላ ስትነክስ ማንም አይደነግጥም፤ ጨዋታ ነው ይባላል። ግን ቡችላም በበሽታው ትያዛለች፤ ያበደች እናት ልጆቿን ልትነክስ ትችላለች። በዓለም በየዓመቱ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ተብሎ ይገመታል፤ ከመቶ አርባው ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ነው፣ ከውሻ ጋር የሚጫወተው እሱ ስለሆነ። ምልክቱ ከንክሻው በኋላ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ይመጣል፤ አንዴ ከመጣ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው መጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ። በርበሬ፣ ቡና፣ ነጭ ሽንኩርት አትነስንሱበት። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ እኔም እሄዳለሁ። መርፌው ግን ይቅደም፤ ጠበሉ ነገም እዚያው አለ፣ መርፌው ግን ከዘገየ አይሠራም። ውሻዋን ቸኩላችሁ አትግደሉ፤ የምትያዝ ከሆነች አስራችሁ ለ10 ቀን ተመልከቷት። በእነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆና ከቆየች በነከሰችበት ሰዓት ምራቋ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙም መርፌውን ሊያቆም ይችላል። ደግሞ እብድ ውሻ ሁሉ አረፋ እየደፈቀ አይሮጥም፤ መንጋጋው ወርዶ፣ ጥግ ይዞ ዝም የሚለውም አለ፤ ይኸኛው ያታልላል፣ ሰው አጥንት ሰንቅሮት መስሎት እጁን አፉ ውስጥ ይከታል።

በግ ለምታረቡ ደግሞ አንድ ልጨምር፤ ይኼኛው ብዙ ሰው ሳይሰማው የኖረ ነው። በጉን አንገቱን አዙሮ አንድ ቦታ የሚያሽከረክረው አዙሪት የሚመጣው ከውሻ ነው። የታመመው በግ ይታረዳል፣ ጭንቅላቱ ለውሻ ይወረወራል። አንጎሉ ውስጥ ያለው ውሃ የቋጠረ ከረጢት የኮሶ ትል ልጅ ነው፤ ውሻው ሆድ ገብቶ ያድጋል፣ እንቁላሉ በእዳሪ ግጦሽ ላይ ይወድቃል፣ በጉ ይግጠዋል፣ እንደገና ይዞራል። የዚህ ዘመድ የሆነው ሌላው ትል ሳምባና ጉበት ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ እሱ የሰውም ጉበት ውስጥ እንቁላል አክሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በልጦ የሚያድግ ነው። ለፋሲካና ለገና ቅርጫ ስናርድ «ይኼ አይበላም» ብለን ለውሻ የምንወረውረው ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ ያ ነው። መቅበር ነው፣ ውሻ የማይቆፍረው ያህል አጥልቆ። ዳማ ሥጋ የምትቀምሰው ከተቀቀለ ብቻ ነው፤ የኮሶ መድኃኒቷን ፕራዚኳንቴልን ደግሞ ሐኪሙ ባለው ጊዜ ትወስዳለች።

ምግብ አያስቸግርም። ድርቆሽ በአጓት፣ የተረፈ ሽሮ፣ የተቀቀለ አጥንት ላይ ያለ ጅማት። አጥንቱን ራሱን አትስጡ፤ የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። የሚያስቸግረው ጾም ነው። በዐቢይ ጾም ቄራው ሲዘጋ ትግራይ ውስጥ ጅቦች ወደ አህያ ፊታቸውን እንደሚያዞሩ በጥናት ታይቷል፤ የእኛም ውሾች በእነዚያ ሳምንታት ከወትሮው ራቅ ብለው ሲያስሱ ነው የማያቸው። ሰው ጾመ ተብሎ ውሻ አይጹም፤ እንቁላል ብትሰጧት ማንም አይገዝታችሁም።

ኃይለኛ ትሆናለች ብሎ ጆሮዋን የሚቆርጥ አለ፣ ጨለማ ውስጥ አስሮ የሚያሳድግም አለ። ጆሮ ስለተቆረጠ የጮኸ ውሻ አላየሁም። ጨለማ ውስጥ ያደገ ውሻ ደግሞ ሌባውንና የባለቤቱን ልጅ አይለይም።

«ታዲያ የተጣሉትን መርዝ ሰጥቶ መገላገል አይቀልም ወይ?» ብሎ የጻፈልኝ ሰው ነበር። አዲስ አበባን ጨምሮ ከተሞቻችን ስትሪክኒን በሥጋ እየሰጡ ለዓመታት ሞክረውታል። የሞተው ውሻ ቦታ ባዶ አይቀርም፤ ፍርፋሪው እስካለ ድረስ ከሌላ ሰፈር ያልተከተበ ይመጣበታል። ከመቶ ሰባው ውሻ በየዓመቱ ከተከተበ በሽታው መሄጃ ያጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የያዘው መንገድ ይህ ነው። ለአዲስ አበባ የጎዳና ውሾች መከራከር ከጀመሩት አንዱ የሆነውን ማኅበር የመሠረቱት ኤፍሬም ለገሠና ሃና ክፍሌ ቀደም ሲል ባሌ ተራሮች ላይ የሠሩ ናቸው። ለእኔ አጋጣሚ አይመስለኝም፤ ቀበሮው ከውሻው እንዴት እንደሚታመም ያየ ሰው ውሻውን መግደል መፍትሔ እንዳልሆነም ቶሎ ይገባዋል።

ማሰርን በተመለከተ፦ ከተማ ውስጥ ያላችሁ ቀን በግቢ፣ ሌሊት ለቀቅ አድርጉ፣ አጥሩ ከቻለ። ከፓርኩ ሥር ያላችሁ፣ ከበጎቹ ጋር ወደ ላይ የሚወጣው ውሻ የግድ ካስፈለገ የተከተበው አንዱ ይበቃል፤ ሌሎቹ ቤት ይቅሩ። ከጅብና ከነብር ከብት የሚጠብቀው የበረቱ ውሻ ነው፤ ሜዳ ላይ ተከትሎ የሚሮጠው ለጌጥ ነው ብዬ አምናለሁ፣ እረኞቹ ባይስማሙም።

በመጨረሻ፣ ዛሪማ ሆነሽ ለደባርቁ ወንድምሽ ቡችላ መላክ እንደምትፈልጊ ለጻፍሽልኝ እህቴ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ አትለያት። ዛሪማ ቆላ ስለሆነ መዥገር አይጠፋም፤ ከጆሮዋ ውስጥና ከጣቶቿ መሐል አንድ በአንድ ልቀሚላት። በምትመጣበት ቀን ጠዋት አታብያት፣ ጠመዝማዛው የሊማሊሞ መንገድ ላይ ታስመልሳለች። ደባርቅ ስትደርስ ብርዱ ስለማይምራት ወንድምሽ የመጀመሪያውን ሳምንት እንኳ ወጥ ቤት ጥግ ጆንያ ያንጥፍላት፤ ውሻ ቤት አይገባም የሚሉት ካሉ የክትባቱን ካርድ ያሳያቸው። ሾፌሩን አስቀድመሽ አነጋግሪው፤ ውሻ አልጭንም የሚል አለ፣ ካርቶን ውስጥ ካየ ግን አብዛኛው እሺ ይላል።