የጨዋታ ሰሌዳን በኤልኢዲ ማብራት

በሳንቲም ይሠሩ የነበሩትን የአርኬድ ጨዋታ ማሽኖች በቤቱ አስመስሎ የሚሠራ ሰው፣ ጆይስቲኩንና የመጫኛ ቁልፎቹን በሚሸከመው ሰሌዳ ላይ ብርሃን ለመጨመር ሲነሣ በቅድሚያ ሊያጤነው የሚገባው፣ ኤልኢዲ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ሲያልፍበት የሚያበራው ትንሽ መሣሪያ፣ የሚያልፍበትን ኃይል በራሱ መገደብ የማይችል መሆኑን ነው። ስለዚህም ከእያንዳንዱ ኤልኢዲ ጋር ሬዚስተር፣ ይኸውም የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ አነስተኛ ዕቃ፣ በተከታታይ ይገናኛል፤ ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ስለሚወስድ፣ ከ5 ቮልት ምንጭ የሚተርፈው 3 ቮልት በኤልኢዲው እንዲያልፍ ለሚፈለገው 20 ሚሊ አምፔር ሲካፈል 150 ኦም ይሆናል፣ 3 ቮልት ገደማ ለሚሻው ሰማያዊ ግን 100 ኦም ይበቃል። የኮምፒዩተር ዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊ አምፔር በመሆኑ፣ እንዲህ ያሉ 25 ኤልኢዲዎች ብቻቸውን ይጨርሱታል፤ ሰፊ ሰሌዳ የራሱ የኃይል ምንጭ ያስፈልገዋል።

ከሒሳቡ ይልቅ ብዙ የሚያሳስተው የቀለም ምርጫ ሳይሆን አይቀርም፤ በሰማያዊ ፕላስቲክ ሥር የተቀመጠ ቀይ ኤልኢዲ፣ ፕላስቲኩ ቀዩን ብርሃን ስለሚውጠው፣ ደብዝዞ ይቀራል። ነጭ ኤልኢዲ በየትኛውም ቀለም ሥር ያገለግላል፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይን የሚወጋ ሲሆን ደግሞ፣ እንደ ሰማያዊው የሚገናኝለትን 100 ኦም በ330 ኦም ሬዚስተር መተካት ብርሃኑን ያለዝበዋል።